የጉንዳን ሥርዓትና የጓዳችን ሰላም

በኡጋንዳ በከምፓላ ከተማ፣ ከካምዎኪያ ወደ ንቲንዳ ሲኬድ በመካከል የሚገኘው የቡኮቶ ሰፈር፣ እንደ አገራችን ደጋ በአንድ ክረምት ሳይሆን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት፣ ዳግመኛም ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ዝናም የሚበረታበት ሥፍራ ስለ ሆነ፣ ቀዩ አፈር ውሃ በጠገበ ቍጥር በጉድጓዱ ውስጥ የሚኖረው የጉንዳን ሕዝብ እንቁላሉንና ዕጩን ተሸክሞ ወደ ደረቅ መሬት ይሰደዳል፤ ለእርሱም ከሰው ቤት ይልቅ የተመቸ መጠጊያ አይገኝለትም። እንግዲህ በዚህ ሰፈር ቤት ይዞ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ማለዳ ቡና ለማፍላት ወደ ማድ ቤት ሲገባ፣ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ በግድግዳው ጥግ አልፎ እስከ ስኳር ዕቃው ድረስ የተዘረጋ ሰልፍ ቢያይ ሊደነቅ አይገባውም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ አብዛኞቻችን የምናደርገው አንድ ነገር ነው፤ ፍሊት አንሥተን እንነፋለን፣ የሞተውን ጠርገን እንጥላለን፣ ድል ያደረግንም ይመስለናል፤ ጥቂት ቀን ቈይቶ ግን ሰልፉ በሌላ በኩል ይመለሳል። መመለሱ ከምን የተነሣ እንደ ሆነ ሳይረዱ መርዝ መንፋት ገንዘብንም ጤናንም በከንቱ ማባከን ነው ብዬ ስለማምን፣ ከመከላከያው አስቀድሜ ስለ ፍጥረቱ ጠባይ መናገርን መርጫለሁ።

ጉንዳን በማኅበር እንጂ በነጠላ የማይኖር ፍጥረት ነው። የተፈጥሮ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ስም የሰጧቸው የጉንዳን ዓይነቶች ከ14,000 የሚበልጡ ሲሆኑ፣ ከጥቂቶቹ በቀር የሁሉም ሥርዓተ ማኅበር ተመሳሳይ ነው፤ በመካከል አንዲት ወይም ብዙ ንግሥታት ይገኛሉ፣ በዙሪያቸውም ክንፍ የሌላቸውና ሁሉም ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች ይሰለፋሉ፣ ወንዶቹ ግን በተወሰነ ወራት ክንፍ አውጥተው ለተራክቦ ከበረሩ በኋላ ወዲያው ይሞታሉ። ንግሥቲቱ በዚያች በበረራዋ ወራት የተቀበለችውን ዘር በሆዷ አኑራ ዕድሜዋን ሙሉ እንቁላል ትጥላለች፤ ዕድሜዋም አጭር እንዳይመስለን፣ በአውሮፓ ጓሮዎች የምትገኘው ጥቁር ጉንዳን ንግሥት በሊቃውንት እጅ ተጠብቃ ከ28 ዓመት በላይ እንደ ኖረች ተመዝግቧል። ሠራተኛይቱ ግን የምትኖረው ከዚህ እጅግ ያነሰ ጊዜ ነው፤ በወጣትነቷ ከጎጆው ሳትወጣ ንግሥቲቱንና ዕጮቹን ትመግባለች፣ ወደ ውጭ ወጥታ ምግብ ፍለጋ የምትሰማራውም ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ስኳር ዕቃችን ላይ የምናያቸው የማኅበሩ ጥቂት ክፍል፣ ያውም ሊሞቱ የተቃረቡት አሮጊቶቹ ናቸው። እነርሱን በፍሊት ብንፈጃቸው እናታቸው በግድግዳው ስንጥቅ ወይም በበሩ ደፍ ሥር ተቀምጣ ምትካቸውን ታወጣለች።

ሰልፉ ራሱ ከምን እንደሚሠራ ማየት የሚሻ ሰው ብዙ መድከም አያሻውም፤ ጣቱን በውሃ አርሶ ሰልፉ በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ አንድ ጊዜ አግድም ቢያብስ ይበቃዋል። ከወዲህ የሚመጡት እርጥቡ መሥመር ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ፤ ቀንዳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዙ ይፈልጋሉ፣ ገሚሶቹ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ከወዲያ ምግብ ይዘው የሚመጡትም እንዲሁ በመሥመሩ ማዶ ይከማቻሉ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንዲቱ ትደፍርና ትሻገራለች፣ ሌላይቱ ትከተላታለች፣ መንገዱም እንደ ገና ይቀናል። ይህም የሚሆነው ምግብ ያገኘች ጉንዳን ወደ ጎጆዋ ስትመለስ የሆዷን ጫፍ ከመሬት እያስነካች ሽታ ያለው ፈሳሽ ስለምትተው ነው፤ ተከታይዋም ያንን ሽታ ተከትላ ሄዳ ምግቡን ካገኘች በላዩ የራሷን ትጨምርበታለች፤ ምግቡ ሲያልቅ ግን የሚጨምር ስለማይኖር ሽታው ተኖ መንገዱ ይጠፋል። ጉንዳንን የሚመራ አለቃ ወይም አዛዥ የለም፤ ንግሥቲቱም ቢሆን እንቁላል ከመጣል በቀር ትእዛዝ አትሰጥም። የሚገዛቸው በመሬት ላይ የተጻፈው ይህ የሽታ ሕግ ነው፤ ቤቱን ከጉንዳን ለማጽዳት የሚነሣ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ መደምሰስ የሚገባው ይህንኑ ነው።

ፍሊት ግን የሚያደርገው ሌላ ነው። ገሚሱን ይገድላል፣ የተረፈውን ያስደነግጣል፤ በተለይም በቤት ውስጥ ከሚኖሩት ጥቃቅን ጉንዳኖች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በዓለም ሁሉ የተሠራጨችው የፈርዖን ጉንዳን የምትባለው ብጫማ ደቃቃ ዓይነት፣ በአንድ ማኅበር ብዙ ንግሥታት ስላሏት፣ መርዝ ሲነካት ንግሥታቱ ከጥቂት ሠራተኞችና ከዕጮች ጋር እየተከፈሉ በየስንጥቁ አዲስ ጎጆ ይመሠርታሉ፤ በአንድ ክፍል የነበረውም መከራ በሦስት ክፍል ይሆናል። ይህችው ጉንዳን በሐኪም ቤቶች ውስጥ ገብታ የበሽታ ተውሳክ ከቁስል ወደ ንጹሕ ዕቃ በማመላለስ የታወቀች ስለ ሆነች፣ ነገሩ የስኳር መጥፋት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

አባቶቻችን ይህን ፍጥረት የተመለከቱት በሌላ ዓይን ነበር። ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ወደ ጉንዳን ሄዶ እንዲማር ያዘዘው፣ አለቃና ገዢ ሳይኖራት በበጋ ምግቧን መሰብሰቧን አይቶ ነው፤ ከላይ እንዳየነው የዘመናችን ሊቃውንትም በዚህ ነገር ከእርሱ ጋር ይስማማሉ። በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ ተተርጕሞ የቈየን ፊሳልጎስ የተባለው የአራዊትና የአዕዋፍ መጽሐፍም ለጉንዳን ሦስት ጠባይ ይሰጣታል፤ እነዚህም በሥርዓት መጓዟ፣ የሰበሰበችው እህል በእርጥበት እንዳይበቅልባት ፍሬውን መክፈሏ፣ ስንዴንም ከገብስ ለይታ ማወቋ ናቸው። ሁለተኛው ጠባይ ተረት የሚመስል ቢሆንም፣ እህል የሚያከማቹ ጉንዳኖች ዘሩ የሚበቅልበትን ክፍል በጥርሳቸው ነቅሰው እንደሚያወጡ ዛሬ የታወቀ ነው። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጉንዳንን እንደ ቆሻሻ ብቻ የሚያይ ሰው ጠባይዋን አይመረምርም፣ ጠባይዋን ያልመረመረም ሰው ከቤቱ ሊያስወጣት አይችልም።

ወደ ማድ ቤቱ እንመለስ። በመጀመሪያ ሰልፉን ሳይገድሉ በዓይን መከተል ይገባል፤ አንደኛው ጫፍ የሚበሉትን፣ ሁለተኛው ጫፍ የሚገቡበትን ያሳያል። በቡኮቶ የኪራይ ቤቶች መግቢያው ብዙ ጊዜ የሚገኘው የውሃ ቧንቧ ግድግዳውን በስቶ በሚያልፍበት ቀዳዳ፣ በመስኮት ክፈፍና በሲሚንቶው መካከል በተተወው ክፍተት፣ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚገባበት ነው። ቀጥሎ የሚበሉትን ማንሣት ነው፤ ስኳርና ማር ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ይደረጋል፣ ከምድጃው ሥር የፈሰሰው ዘይት ይታጠባል፣ የውሻውም ሣህን ውሃ በተሞላ ሰፊ ሣህን መካከል ይቀመጣል። ጉንዳን የሚመጣው ለጣፋጭ ብቻ እንዳልሆነ ብዙ ሰው አያስተውልም፤ በደረቁ ወራት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚንጠባጠብ ቧንቧ ብቻውን ሙሉ ማኅበር ሊጠራ ይችላል። ከዚያም መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳሙና ውሃ ወይም በኮምጣጤ ይታጠባል። ተራ ውሃ ሽታውን እምብዛም አያጠፋውም፤ ሳሙናው ግን ያስለቅቀዋል።

በጥንቱ ዘመን እናቶቻችን የምግብ ሣጥኑን እግሮች ውሃ በያዙ ጣሳዎች ውስጥ ያቆሙ ነበር፤ ይህ ልማድ ዛሬም ቢሆን ከማንኛውም ዘዴ የማያንስ ነው፤ በውሃው ላይ ጥቂት ጠብታ የሳሙና ፈሳሽ ቢጨመር፣ ውሃውን እንደ ደረቅ መሬት ረግጠው የሚሻገሩት ደቃቃዎቹ ጉንዳኖችም ይሰጥማሉ። ትንኝ እንዳይራባበት ግን ውሃውን በየጥቂት ቀኑ መለወጥ ያስፈልጋል። አመድም እስከ ደረቀ ድረስ ያግዳል፤ በርበሬና ቀረፋ ሰልፉን ለጥቂት ሰዓት ያስጠምዝዙት እንደ ሆነ እንጂ አያስቀሩትም። በየመንገዱ እንደ ጠመኔ ተሠርቶ የሚሸጠውን መርዝ ግን በብርቱ እቃወማለሁ፤ ሕፃን ልጅ ከትምህርት ቤት ጠመኔ ሊለየው የማይችለውን ነገር በማድ ቤት ወለል ላይ ማስመር ታላቅ ድፍረት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰልፉ እምቢ ካለ መርዙን ወደ ንግሥቲቱ የሚያደርሱት ራሳቸው ጉንዳኖቹ ሊሆኑ ይገባል። ጉንዳን ያገኘችውን ፈሳሽ ምግብ በሆዷ ተሸክማ ሄዳ ለእኅቶቿ፣ ለዕጮቹና ለንግሥቲቱ ከአፍ ወደ አፍ የምታካፍል ስለ ሆነች፣ ፈጥኖ የሚገድል መርዝ በመንገድ ያስቀራታል፤ ቀስ ብሎ የሚሠራ መርዝ ግን እስከ እልፍኙ ይዘልቃል። ለዚህ የተመረጠው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ቦሪክ አሲድ ነው፤ በአንድ ሊትር ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 100 ግራም ያህል ስኳርና 10 ግራም ያህል ቦሪክ አሲድ ማሟሟት ይበቃል። ብዙ ሰው መርዙን ካበዛው የሚበረታ እየመሰለው ያጠነክረዋል፤ እንዲህ ሲሆን ጉንዳኖቹ ወይ አይቀምሱትም፣ ወይ ጎጆ ሳይደርሱ ይሞታሉ፣ ድካሙም ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ፈሳሹን በጥጥ ነክሮ በጠርሙስ ቆርኪ ላይ አድርጎ ከሰልፉ አጠገብ ማኖር፣ ልጆችና የቤት እንስሳትም ፈጽሞ የማይደርሱበት ቦታ መምረጥ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን የጉንዳኑ ብዛት ከበፊቱ እጥፍ ሲሆን ያላወቀ ሰው ይደነግጥና ፍሊቱን ያነሣል፤ መታገሥ የሚያስፈልገው በዚያን ጊዜ ነው። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሰልፉ እየሳሳ ይሄዳል። ማኅበሩ ብዙ ዕጭ በሚያሳድግበት ወራት ከስኳር ይልቅ ቅባት ይሻል፤ ጣፋጩን ትተው ቢያልፉ በከምፓላ ገበያ ሁሉ የሚገኘውን የተፈጨ ኦቾሎኒ ከጥቂት ቦሪክ አሲድ ጋር ለውሶ ማቅረብ ነው።

በዝናም ማግስት ማታ መብራት ላይ የሚርመሰመሰውንና ባላገሩ ኤንስዋ ብሎ ሰብስቦ ቈልቶ የሚበላውን ባለ ክንፍ ነገር ከዚህ ጋር ማደባለቅ አይገባም፤ እርሱ ምስጥ ነው፣ በዘሩም ከጉንዳን ይልቅ ለበረሮ ይቀርባል። ወገቡ ያልቀጠነ፣ ቀንዱ ያልታጠፈ፣ አራቱም ክንፎቹ እኩል የሆኑ እንደ ሆነ ምስጥ መሆኑ ይታወቃል፤ በቤቱ እንጨት ውስጥ ከገባም የስኳሩ ወጥመድ ምንም አያደርገውም፤ ለእርሱ ባለሙያ መጥራት ይሻላል።

በጓሮ በኩል ፍርዴ የተለየ ነው፤ በዚያ ያለው ጉንዳን ባመዛኙ ሊተው ይገባዋል እላለሁ። የኡጋንዳ ሕዝብ ምግብ የሆነውን ሙዝ ከሥሩ የሚበላ ነቀዝ መሰል ጥንዚዛ አለ፤ በዚሁ አገር የተደረገው ምርምር ከጉንዳኖች አንዳንዶቹ የዚህን ጥንዚዛ እንቁላልና ዕጭ ከግንዱ ውስጥ እየለቀሙ እንደሚበሉ አሳይቷል። በቻይና ብርቱካን አብቃዮች የጉንዳን ጎጆ ገዝተው በዛፎቻቸው ላይ ይሰቅሉ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ304 ዓ.ም. ገደማ እንደ ተጻፈ በሚነገርለት መጽሐፍ ተመዝግቦ ይገኛል። ስለዚህ በጓሮው ጉንዳን ያየ ሰው ሁሉ መርዝ ቢረጭ የገዛ ወታደሩን ይገድላል።

ጥፋት የሚሆነው ጉንዳኗ እረኛ ስትሆን ነው። በጎመኑና በቃሪያው ቅጠል ሥር የሚጣበቀው ክሽክሽ፣ እንዲሁም ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ሌላው ተባይ፣ የተክሉን ጭማቂ መጥጠው ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣሉ፤ ጉንዳኗ ያንን እየላሰች ከጠላቶቻቸው ትጠብቃቸዋለች። በዚህ ረገድ ኡጋንዳና ኬንያ የሚገናኙበት ታላቅ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1923 ዓ.ም. በኬንያ የቡና እርሻዎች ላይ አንድ ዱቄት መሳይ ተባይ ተነሥቶ ብዙ ጉዳት አደረሰ፤ ማንነቱ በስሕተት ስለ ተሰየመ ጠላቱን በሩቅ ምሥራቅ አገሮች ሲፈልጉለት ብዙ ዓመት አለፈ፤ በዚያ መካከል ገበሬዎቹ ጉንዳን እንዳትወጣ በቡናው ግንድ ዙሪያ የሚያጣብቅ ነገር እየቀቡ ይከላከሉ ነበር። በመጨረሻ ተባዩ ከኡጋንዳ የመጣ መሆኑ ተገለጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. ከዚሁ ከኡጋንዳ ደቃቃ ተርቦች ተወስደው በኬንያ ተለቀቁ፣ እነርሱም እንቁላላቸውን በተባዩ ሥጋ ውስጥ እየጣሉ ገቱት። የቡኮቶ ነዋሪ ለጓሮው ሎሚና አቮካዶ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው፤ በግንዱ ዙሪያ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ጠምጥሞ በላዩ ቅባት መቀባት፣ ወደ ጣራው የተንጠለጠሉትን ቅርንጫፎች መቍረጥ፣ ክሽክሹንም በሳሙና ውሃ ማጠብ። እረኛይቱ ከተከለከለች ተርቦቹና ሌሎቹ አዳኞች የቀረውን ይሠራሉ።

ሰው ምድሩን ባራቈተ መጠን ደግሞ አንድ ዓይነት ጉንዳን ብቻውን ይሠለጥናል። በሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖችና በዙሪያቸው ባለው መሬት ላይ ማግዳሌና ሶርገርና፣ ስለ እነዚህ ደኖች ብዙ የደከሙት ዶክተር አለማየሁ ዋሴ የሚገኙባቸው ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት፣ ሌፒሲዮታ ካነሰንስ የተባለች አገር በቀል ጉንዳን በእርሻው፣ በመንገዱና በሕንፃው ዙሪያ እጅግ ተባዝታ፣ ከማኅበሮቿም አንዱ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ አግኝተዋታል። በኬንያ በላይኪፒያ ደግሞ ከውጭ የመጣችው ባለ ትልቅ ራስ ጉንዳን ግራሩን ከዝሆን የሚጠብቁትን ጉንዳኖች ስላጠፋች፣ ዝሆኖች ግራሩን ሰባበሩት፣ አንበሶችም የሚሸምቁበት ጥላ አጡ፤ በዚያው ባለው በኦል ፔጄታ የአራዊት ጥብቅ ሥፍራ ከአንበሶች ግዳይ እ.ኤ.አ. በ2003 67 በመቶ የነበረው የሜዳ አህያ በ2020 ወደ 42 በመቶ ወረደ። ግቢውን ሁሉ በሲሚንቶ ለብጦ የቀረውን በመርዝ የሚያጥብ ሰው በትንሹ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ብዙ ዓይነት ጉንዳን እርስ በርስ ተቈጣጥሮ የሚኖርበትን ሥፍራ፣ መርዙን ችላ ለተረፈች ለአንዲቱ ይለቅላታል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ባላገሩ ኤንሳናፉ የሚለው ዘማች ጉንዳን ነው። ቋሚ ቤት የለውም፤ ዓይነ ሥውር የሆኑ ሠራተኞቹ በማሽተትና በመዳሰስ ብቻ እየተመሩ፣ ከማኅበሮቹ ትላልቆቹ እስከ 20 ሚሊዮን በሚገመት ቍጥር በዝናም ወራት ይዘምታሉ። በሰልፉ ግራና ቀኝ ትላልቅ ራስ ያላቸው ወታደሮች መንጋጋቸውን ከፍተው ይቆማሉ፣ ታናናሾቹም በመካከል ያልፋሉ፤ ወታደሩ ከነከሰ ሰውነቱ ቢቈረጥ እንኳ መንጋጋው አይላቀቅም። ማታ ወደ መብራት እየመጣ ከግድግዳ ጋር የሚላተመውና ብዙ ሰው ሌላ ነገር የሚመስለው ረጅም ቡናማ በራሪ የዚሁ ጉንዳን ወንዱ ነው፤ እርሱ አይናከስም። ዘማቹ ወደ ቤት ሲገባ ስኳርን አይመለከትም፤ የሚሻው በረሮን፣ ሸረሪትን፣ የአይጥ ግልገልን ነው፤ ስለዚህ ሰው ለጥቂት ሰዓት ቤቱን ለቅቆለት ቢወጣ አጽድቶለት ይሄዳል። ቤንዚን አርከፍክፎ እሳት መለኰስ፣ በየሰፈሩ እንደሚደረገው፣ ቤት ያቃጥላል እንጂ ሰልፉን አይመልስም።

አደጋው በታሰረና በተዘጋበት ፍጥረት ላይ ነው። ሰልፉ በአጥሩ ሥር ገና በታየ ጊዜ ሕፃንና ሕመምተኛ ከክፍሉ ይወጣል፣ የታሰረው ውሻ ይፈታል፣ የጥንቸሉ ሣጥን ከመሬት ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። የዶሮውን ቤት ግን አስቀድሞ ማሰናዳት ይሻላል፤ በአገራችን ንብ አናቢዎች ቀፎውን ከዚሁ ጠላት ለማዳን በሥሩ አመድ እንደሚነሰንሱና በሽቦ እንደሚያንጠለጥሉት፣ የዶሮውም ቤት በአራት እግሮች ላይ ከፍ ብሎ ይሠራል፣ እያንዳንዱም እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት በያዘ ጣሳ ውስጥ ይቆማል፤ ከግድግዳም ሆነ ከረጅም ሣር ጋር እንዳይነካካ ዙሪያው ይታጨዳል፣ በሥሩም አመድ ይነሰነሳል፣ ከየዝናሙም በኋላ ይታደሳል።